ቮልዩም ፔዳል ለፔዳል ስቲል፦ የገዛሁት ድምፁን ጋቢ አለበሰብኝ

የከዚራው

ሰላም ጀመዓ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አጎቴ ከአሜሪካ ጠቅልሎ ሲገባ ከሻንጣዎቹ ጋር ሁለት ሰው የሚሸከመው ሳጥን አመጣ። ስንከፍተው ፔዳል ስቲል ጊታር ነው። 10 ክር አለው። ከሥሩ በግራ እግር የሚረገጡ 3 ፔዳሎች አሉ። ከሆዱ ሥር ደግሞ በጉልበት የሚገፉ 4 ማንሻዎች ተንጠልጥለዋል። በጣት ክር መጫን የለም፤ ግራ እጅ ላይ የብረት ዘንግ ይዘህ ክሩ ላይ ታንሸራትታለህ። ጎረቤታችን አይታው «የሸማኔ ዕቃ ነው እንዴ?» አለች። አልፈርድባትም። ድሬ ውስጥ ሌላ ያለው ሰው ካለ ብቅ ይበል፣ ቡናው በኔ ነው።

አጎቴ መጫወት ከተወ ቆይቷል። ድምፁን በእግር ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ቮልዩም ፔዳሉን እዚያው ለሰው ሰጥቶት መጥቷል። ቪዲዮ ላይ የማያቸው ተጫዋቾች ግን ቀኝ እግራቸው ከቮልዩም ፔዳል ላይ አይወርድም። እኔም ሳፈላልግ ከርሜ አንድ ያገለገለ አገኘሁ። ጥቁር፣ ብረት፣ ከባድ። ሻጩ «ለጊታርም ለኦርጋንም ይሆናል» አለኝ። አመንኩት።

ቤት ወስጄ ሰካሁት። አቦ! ድምፁ ጋቢ ተከናንቦ ወጣ። እስከ ጥግ ብረግጠውም ያው ነው። ፔዳሉን ትቼ ጊታሩን በቀጥታ አምፕ (የድምፅ ማጉያው) ላይ ስሰካው ደግሞ እንደ ደወል ጥርት ይላል።

ሌላም ጣጣ አለ። ፔዳሉ ቁመቱ ረጅም ነው። እግሬን ሳስቀምጥበት ጉልበቴ ከፍ ይልና የቀኙን ማንሻ ይነካዋል። ሳላስበው ኖታው ይለወጥብኛል።

እና ፔዳሉ ተበላሽቶ ነው? የአክስቴ ልጅ ለመስከረም ከውጭ ትመጣለች፣ የቱን አምጪልኝ ልበላት? ደግሞስ የግድ ነው ወይ?

ባጃጅ ነጂው

ድሬ ላይ ፔዳል ሲባል እኔ የማውቀው የብስክሌት ነው። ተሳስቼ ገባሁ መሰለኝ። ግን ልቀመጥ።

የቀፊራዋ

ቤዝ እጫወታለሁ፣ ስለ ስቲል ብዙ አላውቅም። ግን የግድ ነው ወይ ላልከው፣ ጊታሩ ላይ ያለውን የቮልዩም ቁልፍ በትንሿ ጣትህ ብታዞረውስ? ብዙ ጊታሪስት እንደዚያ ያደርጋል። ገንዘብህን ለምን ታቃጥላለህ?

የከዚራው

@የቀፊራዋ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነበር እህቴ። ግን ጊታሩ ላይ ምንም ቁልፍ የለም! ቮልዩም የለም፣ ቶን የለም። አንድ የጃክ ቀዳዳ ብቻ። የሠሩት ሰዎች ከመነሻው ቮልዩሙን ለእግር ነው የተዉት።

ሬዲዮ ጠጋኝ

ልጄ፣ ፔዳልህ አልተበላሸም። ያለቦታው ገብቶ ነው።

ቴስተር አለህ? ከሌለህ ከጎረቤት ተዋስ። ኬብል አንዱን ጫፍ ፔዳሉ ላይ «ኢን» ከሚለው ቀዳዳ ስካ። ሌላውን ጫፍ ከምንም ጋር አታገናኘው። ቴስተሩን ኦም (የተቃውሞ መለኪያው) ላይ አድርገህ አንዱን መርፌ የጃኩ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ግንዱ ላይ አስነካ። የሚያሳይህን ቁጥር ጻፍልኝ። ፔዳሉን ላይ ታች እያደረግክም እይ። ቁጥሩ ብዙ መለወጥ የለበትም።

የከዚራው

ጋሼ አመሰግናለሁ። አሁን ለካሁት። 24.3 ኪሎ ኦም ይላል። እግሬን ባንቀሳቅሰውም ብዙም አይለወጥም።

ሬዲዮ ጠጋኝ

ጠርጥሬ ነበር። የ25 ኪሎ ነው። ይሄ ለኦርጋን እና ባትሪ ላለው ጊታር የተሠራ ፔዳል ነው። ሻጩ «ለኦርጋን ይሆናል» ያለህ እውነቱን ነው፤ «ለጊታርም» የምትለዋን ነው የጨመረብህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያንተ ጊታር ፒክአፕ፣ ማለት የክሩን ድምፅ የሚለቅመው ዕቃ፣ ማግኔት ላይ የተጠቀለለ በጣም ቀጭን ሽቦ ነው። በሺህ የሚቆጠር ዙር። ባትሪ የለው፣ መብራት የለው። የሚያመነጨው ጉልበት ትንሽ ነው። ከፊቱ ትልቅ ተቃውሞ ካገኘ ድምፁን እንዳለ ያስረክባል። ትንሽ ተቃውሞ ካገኘ ግን ጉልበቱ እዚያው ይፈስሳል። ቀጭን የቧንቧ ውሃ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ብትከፍት ግፊቱ አይሞትም? እንደዚያ በለው።

ለምን ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ሞተ ካልከኝ፣ ጥቅል ሽቦ ባሕርዩ ነው። ድምፁ በቀጠነ ቁጥር የራሱ የሽቦው ተቃውሞ ይጨምራል። ወፍራሙ ያልፋል፣ ቀጭኑ እዚያው ሽቦው ውስጥ ይቀራል። ጋቢ ያልከው እሱ ነው። ጥሩ ብለሃል፣ እኔም ለደንበኛ ስነግር እጠቀምበታለሁ።

ፒክአፑ በቀጥታ ለሚሰካበት ፔዳል ቢያንስ 250 ኪሎ፣ ለስቲል ደግሞ ብዙዎቹ 500 ኪሎ ነው የሚመርጡት። የስቲል ፒክአፕ ከተለመደው ጊታር የበለጠ ስለሚጠቀለል።

የሚኒሶታው

የድሬ ልጆች እንዴት ናችሁ! ሳቢያን ነው ያደግኩት፣ አሁን ሚኒሶታ ነኝ። እሁድ እሁድ ከነጮች ጋር ካንትሪ እጫወታለሁ። ስቲል ከጀመርኩ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል። ጋሼ የተናገሩት ልክ ነው፣ እኔ ስለ ዕቃው ልጨምር።

ገበያ ላይ ያለውን በአሠራሩ ብትለየው ይቀልሃል። አንደኛው ፖት ያለበት ነው። ፖት ማለት ያው የሬዲዮ ቮልዩም ማዞሪያ፣ እዚህ ግን እግር ያዞረዋል። የስቲል ሰው ሲጠየቅ ቶሎ አፉ ላይ የሚመጣው ጉድሪች ነው። ለስቲል ብለው ስለሠሩት ዝቅ ያለ ሞዴል አለው፣ ፖቱም 500 ኪሎ። መብራት አይፈልግም። ኤርኒ ቦልን የትም ታገኘዋለህ፣ ግን እንደ ሰው መንታ ነው። የ250 ኪሎ አለ፣ የ25 ኪሎ አለ። ሲያዩአቸው ወንድማማች ናቸው። ሥሩን ገልብጣ ሳታይ እንዳትገዛ ንገራት። የቦስ ኤፍቪ-500 እንዲሁ ነው። መጨረሻው ላይ «ኤች» ያለው ለጊታር፣ «ኤል» ያለው ለኦርጋን። አንዲት ፊደል ናት ልዩነቱ። ኤፍቪ-500 ጠንካራ ዕቃ ነው፤ ግን ትልቅና ከፍ ያለ ስለሆነ የጉልበትህን ችግር አይፈታልህም።

ፖት ያለባቸው ውስጥ እግርህን ከፖቱ ጋር የሚያገናኘው ነገርም ይለያያል። አንዳንዱ በሲባጎ እና በስፕሪንግ ነው። ረገጥ ስታደርግ ሲባጎው ፖቱን ይጎትተዋል። እንቅስቃሴው ለስላሳ ነው፣ ሲባጎው ግን አንድ ቀን ይበጠሳል። ሾ-ባድ የሚባሉት አሮጌዎቹ ደግሞ በጊር ጥርስ ነው የሚዞሩት።

ሁለተኛው ዓይነት ፖት የሌለው ነው። ሂልተን የሚባለው ፔዳል በብርሃን ይሠራል። ሞርሊም በብርሃን። ሌህሌ በማግኔት። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ አይንኮሻኮሽም፣ አያልቅም። እኔ በብርሃን የሚሠራ ነው ያለኝ፣ ሌላ አልመኝም። ግን ሁሉም መብራት ወይም ባትሪ ይፈልጋሉ። ዋጋቸውም ይናደፋል።

አንድ ነገር ስሙኝ። «ኤክስፕሬሽን ፔዳል» የሚባል አለ፣ እንደ ያማሃ ኤፍሲ7 ያለ። ገመዱ አንድ ብቻ ነው። ድምፅ በውስጡ አያልፍም፤ ለኦርጋኑ «ጨምር፣ ቀንስ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው የሚልከው። ቸርች ውስጥ ሞልቷል። «ይኸው ቮልዩም ፔዳል» ብለው እንዳያሸክሙህ።

ባጃጅ ነጂው

እስካሁን የገባኝ፦ የፔዳል ጊታር ላይ ሌላ ፔዳል ተጨምሮ፣ ግራ እግር 3 ፔዳል ይረግጣል፣ ቀኝ እግር 1፣ ጉልበት 4 ማንሻ ይገፋል፣ እጅ ደግሞ ይጫወታል። ወላሂ ባጃጅ መንዳት ይቀላል።

የቀፊራዋ

@የሚኒሶታው መብራት የሚፈልገውን ለድሬ ሰው ትመክራለህ? ረሳኸን ማለት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ዘመድ ከአሜሪካ የላከልኝን ኢፌክት ሰካሁ። አዳፕተሩ የ120 ቮልት ነበር። እኛ ጋ 220 ነው። «ጢስ» የሚባለውን ኢፌክት አገኘሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ።

የሚኒሶታው

@የቀፊራዋ 😂 አልረሳሁም እህቴ። አዳፕተሩ ላይ «100-240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ከሌለ አትሰኪ። ካለ ግን ችግር የለውም። አዳፕተሩን እዚያው ሀገር ቤት መግዛትም ይቻላል። ቮልቱ ልክ መሆኑን፣ ፕላስና ማይነሱም የቱ ጋ እንደሆነ ማየት ነው።

ደግሞ መብራት ሲጠፋ አምፑም ይጠፋል። ፔዳሉ ብቻ በርቶ ምን ሊሠራ?

የቀፊራዋ

ጄኔሬተር ሲነሳስ? ሠርግ ላይ ሦስቴ ጠፍቶ ሦስቴ ይመጣል። አዳፕተር በበዛ ቁጥር ሁምታው፣ ያ «እምምም» የሚለው ድምፅ፣ ይበዛል። እኔ ገመድና ብረት ብቻ የሆነ ዕቃ ነው የማምነው። ይህን የምለው ከልምድ ነው።

የሚኒሶታው

ሠርግ ላይ ስቲል ከተጫወተማ እኔ ራሴ ትኬት ቆርጬ እመጣለሁ።

ጁገል

እኔ ሐረር ነኝ። አስተማሪ ነኝ፣ ማሲንቆ እወዳለሁ። ውይይታችሁን ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። ሁላችሁም «ቮልዩም» ስትሉ ድምፅ ስለ መጨመርና መቀነስ ነው የምታወሩት። እኔ ግን ቪዲዮውን አይቼ ሌላ ነገር ነው ያየሁት።

ክራር ስትመታው ድምፁ ወዲያው መሞት ይጀምራል። ማሲንቆ ግን ደጋኑ እስካለ ድምፁ አለ። ለዚህ ነው ማሲንቆ የሚያለቅሰው፣ ክራር የሚያወራው። የናንተ ስቲል በጣት ነው የሚመታው፣ እንደ ክራር። ሆኖም እንደ ማሲንቆ ያለቅሳል። እንዴት? ሰውየው ክሩን ሲመታ እግሩ ወደታች አልሄደም። ድምፁ መድከም ሲጀምር ነው ቀስ ብሎ የረገጠው። ክሩ ይደክማል፣ እግሩ ይጨምራል። ጆሮህ ድምፁ ያልደከመ ይመስለዋል። እግሩ ደጋኑ ነው ማለት ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

የሚኒሶታው

@ጁገል መምህር፣ እኔ ይህን ለመረዳት አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል!

በትክክል እንደዚያ ነው። ስትመታ ፔዳሉ እኩሌታ አካባቢ ይሁን። ቀሪው ለኋላ የሚቀመጥ ስንቅ ነው። እስከ ጥግ ረግጠህ ከመታህ ድምፁ ሲደክም የምትጨምረው የለህም። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ሌላው ደግሞ በየኖታው እግሩን ማወዛወዝ ነው። «ዋ ዋ ዋ» ይላል፣ ልክ የውሃ ፓምፕ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ቀድቼ ስሰማው አፈርኩ።

ለዚህም ነው የፔዳሉ አነሳስ ወሳኝ የሚሆነው። ከታች ድምፁ ቀስ ብሎ መምጣት አለበት። ድንገት ቡፍ ካለ ለስቲል አይሆንም።

ጁገል

@የከዚራው መለማመጃ ልንገርህ። አንድ ቀን ወደ ሐረር ውጣ። ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ሂድ። ልብስ ሰፊዎቹ ጋ ቁጭ በልና እጃቸውን ሳይሆን እግራቸውን እይ። ባለፈው ሳምንት ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ሳይ ነበር። ሰውየው ወሬ እያወራኝ ጨርቁን በጣቱ ያዞራል። ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ እግሩ ሳይቆም ዝግ አለ። ተረከዙ ጫፉ ላይ ነው፣ የሚሠራው ቁርጭምጭሚቱ ብቻ። ጭኑ አይነሳም። ያ ሰው ስቲል ቢሰጡት በሳምንት ይለምደዋል ብዬ አሰብኩ።

የከዚራው

@ጁገል መምህር ይሄን ለአጎቴ አነበብኩለት። «ልክ ነው፣ ተረከዝ እንጂ ጭን አይደለም» አለኝ። እስከዛሬ ይሄን ሳይነግረኝ! ስጠይቀው «አልጠየቅከኝም» ይላል።

ደግሞ መምህር ማሲንቆ ካነሱ አይቀር አንድ ነገር ላውራ። ጊታሩ ኢ9 በሚባለው ቅኝት ነው የተቃኘው። ዘንጉን ሳላሳርፍ ባዶ ክሮቹ ውስጥ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ቢ አሉ። የመጀመሪያውን ፔዳል ስረግጥ ቢ የነበሩት ክሮች ሲ ሻርፕ ይሆናሉ። አምስቱን ደርድሯቸውማ! ትዝታ ሜጀር ቁጭ ብሏል። ዘንጉን አንድ ቦታ ላይ አድርጌ በግራ እግሬ ብቻ ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው ድምፅ ስንሸራተት አያቴ ከጓዳ «ማነው ማሲንቆ ያመጣው?» አለች። እውነቴን ነው።

ጁገል

አያትህ ጆሮ አላት።

የቀፊራዋ

ይሄንን ቀድተህ ካልለጠፍክ ቀፊራ ብታልፍ አናግርህም።

የሚኒሶታው

ለአፍሪካ ሙዚቃ አይሆንም ለሚሉ፣ ናይጄሪያዊው ኪንግ ሰኒ አዴ ጁጁ የሚባለውን የሀገሩን ሙዚቃ በሚጫወተው ባንዱ ውስጥ ፔዳል ስቲል ከገባ ስንት ዘመኑ። ትዝታ ላይ መስማት ግን የኔም ምኞት ነው።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ምክሬ፦ የአክስትህ ልጅ ዝቅ ያለውን፣ 500 ኪሎ የሆነውን፣ መብራት የማይፈልገውን ታምጣልህ። ያገለገለ ቢሆንም ችግር የለውም። የ25ቱን ሽጠው።

ሬዲዮ ጠጋኝ

ቆይ ልጄ፣ አትሽጥ። ማንም ጠይቆኝ ባያውቅም እኔ የምለው አለኝ።

500 ኪሎም ከጣጣ ነፃ አይደለም። ፖቱ በኤሌክትሪክ እኩሌታው ላይ ሲሆን ከላይ 250 ኪሎ፣ ከታች 250 ኪሎ አለ። ለሚወጣው ድምፅ ይሄ እንደ 125 ኪሎ ተቃውሞ ነው። ከዚያ ወደ አምፕ የሚሄድ ኬብል አለህ። ኬብል ራሱ እንደ ካፓሲተር ነው፣ በየሜትሩ ወደ 100 ፒኮ ፋራድ ይይዛል በል። 5 ሜትር ከሆነ 500 ነው። ሁለቱን አባዛና አስላው፣ ከ2500 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ መውረድ ይጀምራል። ማለት እግርህን መሀል ላይ ባደረግክ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ይታፈናል። መምህር እንዳሉት ደግሞ የስቲል ሰው እግር ሁልጊዜ መሀል ላይ ነው! አንዳንዱ ይህን ወዶት ይጫወታል፣ ድምፁ ይለሰልሳል። አንተ ግን ጥርት ያለውን ነው የወደድከው። ስለዚህ ከፔዳሉ ወደ አምፕ አጭር ኬብል።

ወይም ደግሞ ያለህን 25 ኪሎ አድናት። ጊታሩና ፔዳሉ መሀል በፈር የሚባል ትንሽ ሰሌዳ አስገባ። ሥራው ድምፅ መጨመር አይደለም። ለፒክአፑ 1 ሜጋ ኦም (1000 ኪሎ) ያሳየዋል፣ ፒክአፑ ደስ ይለዋል። በሌላ በኩል ድምፁን በጉልበት ያወጣዋል፣ 25 ኪሎውም አይከብደውም። ያኔ የ25ቱ ፔዳል ከ500ው ይሻላል። መሀል ላይ ስትሆን ተቃውሞው ከ7 ኪሎ አይበልጥም፣ ረጅም ኬብል ብትጠቀምም አይታፈንም።

የሚያስፈልገው ቲኤል072 የምትባል 8 እግር ያላት አይሲ (ትንሽ ቺፕ)፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ የ9 ቮልት ባትሪ። አይሲዋን ከሞተ ሚክሰር ላይ መንቀል ይቻላል። የመግቢያ ጃኩን ስቴሪዮ አድርጌ ባትሪውን በሱ ካሳለፍኩት ኬብሉን ስትነቅል ባትሪው ይጠፋል። ከመብራት ጋር ግንኙነት የለውም። ሁምታም የለም። እኔ ጋ ይዘህ ና፣ ካውያው ሁሌም ትኩስ ነው።

የሚኒሶታው

ጋሼ ይህን አልጠበቅኩም። ቆብ አነሳሁ። ልክ ነዎት፣ እዚህም ብዙዎቹ ከፔዳል በፊት በፈር ያደርጋሉ። እኔ ለምን እንዳልመጣልኝ እንጃ። አዲስ ዕቃ ማዘዝ ስለቀለለኝ ይሆናል።

የቀፊራዋ

ይኸው! ገንዘብህን አታቃጥል ብዬ ነበር። 😌

ባጃጅ ነጂው

ጋሼ ጋ የሚሄድ ካለ አደርሳለሁ። ጊታሩ ባጃጅ ውስጥ ይገባል ወይ ነው ጥያቄው።

የከዚራው (ከ5 ቀን በኋላ)

ጀመዓ፣ ውጤቱን ላሳውቃችሁ።

ጋሼ ጋ ሄድኩ። ጊታሩን አልወሰድኩም፣ ፔዳሉን ብቻ በፌስታል። ሱቃቸው ውስጥ ሰው መቀመጫ የለም፣ ሬዲዮው ሁሉ ሆዱን ከፍቶ ተኝቷል። አንድ የሞተ ሚክሰር ከመደርደሪያ አወረዱ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ባትሪ እያበራሁላቸው አይሲዋን ነቀሉ። «ሁለት ናቸው፣ አንዷ መለዋወጫ ትሁንልህ» አሉኝ። ሰሌዳዋን የማስቲካ ቆርቆሮ ውስጥ ከተቷት። ከብር ይልቅ ቡና ነው የተቀበሉኝ፣ እሱም በግድ።

ቤት ገብቼ ከጊታሩ በአጭር ኬብል ወደ ቆርቆሮዋ፣ ከቆርቆሮዋ ወደ ፔዳሉ፣ ከዚያ ወደ አምፕ። አንድ ክር መታሁ። ጋቢው ወረደ! ያ ደወል ያልኩት ድምፅ ተመለሰ። ፔዳሉን መሀል ላይ አድርጌም ያው ጥርት ያለ ነው። አጎቴ ከሳሎን ድረስ መጥቶ ቆመ። ምንም አላለም። ከዚያ «ተነስ» ብሎኝ ራሱ ተቀመጠ። ስንት ዓመት እንዳልነካው አላውቅም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ክሩን ይስታል። እግሩ ግን አልረሳም። ተረከዙ ተተክሎ፣ ጣቶቹ ብቻ እንደ ድመት እግር ይወርዳሉ። ድምፁ መቼ እንደጀመረ አይታወቅም ነበር።

የጉልበቱን ነገርም ፈታሁት። መጀመሪያ የጊታሩን እግሮች ላስረዝም ነበር። አጎቴ ከለከለኝ። እግሮቹ ከረዘሙ ከፔዳሎቹ ወደ ጊታሩ ሆድ የሚሄዱት ዘንጎች አይደርሱም፣ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ የጎማ ጫማ ሰሪ ጋ ሄጄ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመኪና ጎማ በአራት አስቆረጥኩ። አራቱም እግሮች ሥር አስገባሁ። ጊታሩ ከነፔዳሎቹ ከፍ አለ። ቮልዩም ፔዳሉ ግን መሬት ላይ ቀረ። ጉልበቴ አሁን ማንሻውን የሚነካው እኔ ስፈልግ ነው። ግራ እግሬ ትንሽ ከፍ ማለት ነበረበት፣ በሁለት ቀን ለመድኩት።

የአክስቴ ልጅን ክር ብቻ አምጪ ብያታለሁ። የ10 ክር ስቲል ክር እዚህ አይታሰብም።

ጁገል

አጎትህን ሰላም በልልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ብመጣ አስቸግራለሁ? ማሲንቆዬን ይዤ።

የከዚራው

መምህር ደስ ይለናል። መንገድ ላይ ደንገጎ ጋ ጉም ሳይወርድ ይነሱ።

የሚኒሶታው

እኔ እዚህ ተቀምጬ በረዶ እያየሁ ነው። ቅናት ገደለኝ። ቢያንስ ቅዱት።

የከዚራው (ከ3 ሳምንት በኋላ)

ጋሼ ይቅርታ እንደገና። ሰሞኑን ያ የደቻቱ ንፋስ ተነስቶ ቤቱ ሁሉ አሸዋ ሆኗል። ፔዳሉ አሁን ስረግጠው መሀል ላይ «ክርችች» ይላል። ቤንዚን በጥጥ ነክሬ ላጥበው?

ሬዲዮ ጠጋኝ

በፍጹም! ቤንዚን አታስጠጋ። የፖቱን ውስጥ ይበላዋል፣ ቤትህንም ያቃጥላል።

ኮንታክት ክሊነር የሚባል ስፕሬይ አለ። ፖቱ ጎን ላይ ትንሽ ክፍተት ታያለህ። እዚያ ጋ አንዴ ርጭት አድርግና ፔዳሉን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ላይ ታች በለው። ዘይት ያለበትን ስፕሬይ አትጠቀም፣ አቧራ ይሰበስባል። ካልተሻለው ፖቱ አልቋል ማለት ነው። አስበው፣ ሬዲዮ በቀን ሁለቴ ነው ቮልዩሙ የሚዞረው። አንተ በአንድ ዘፈን ብቻ ከመቶ ጊዜ በላይ ታንቀሳቅሰዋለህ።

ፖት ስትገዛ ደግሞ የተጻፈበትን እይ። «ኤ25ኬ» ይሁን። «ቢ» የሚል ከሰጡህ መልስ። «ቢ» ቀጥተኛ ነው፣ ገና ስትረግጠው ድምፁ ቡፍ ይላል። ጆሮ የሚወደው «ኤ»ውን ነው።

ስትጨርስ ደግሞ ፔዳሉን አልብሰው። አሮጌ ነጠላ ይበቃዋል።

ባጃጅ ነጂው

ጋቢውን ከድምፁ ላይ አውልቃችሁ ፔዳሉን ነጠላ አለበሳችሁት? 😂

የከዚራው

ስፕሬዩ ሠራ ጋሼ። ክርችችታው ጠፋ። ነጠላውን አያቴ ሰጠችኝ፣ ቅዳሜ መምህር ሲመጡ ግን አጥቤ መልስ ብላኛለች።